ዓሣው የባሕር፣ ቅመሙ የሰፈር

(አዲስ አበባ ውስጥ ለወጣት ምግብ አብሳዮች ስለ ሜክሲኮ የባሕር ምግብና ቅመሞቹ ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደዚህ ቀረብ በሉ፣ ቦታ አለ። ከፊት የተቀመጣችሁትን ግን ቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ ትንሽ ልታስሉ ነው።

ይሄ የማረቆ በርበሬ ነው፣ ስምንት ዛላ። ሰንጥቄ ፍሬውን አራግፌዋለሁ፣ ውስጡ ያለውን ነጭ ጅማትም አውጥቻለሁ። ምጣዱ ሞቋል፣ ግን አልጋለም። ዛላውን አስቀምጬ በማንኪያ ጀርባ ጫን አደርገዋለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ገልበጥ። እንደገና አምስት። አያችሁ፣ ቀለሙ ፈካ አለ፣ ሽታው ተነሳ። በቃ፣ ይውጣ። ስምንቱንም እንዲህ አድርጌ ትኩስ ውሃ ውስጥ እነክራቸዋለሁ፣ ሳህን እደፋባቸዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ይፈልጋሉ። እኔም የማወራው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ማን ቀድሞ እንደሚለሰልስ እናያለን።

ሜክሲኮ ስል ጆሯችሁ ላይ የሚደውለው የወያላ ጥሪ እንደሆነ አውቃለሁ። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» አደባባዩ ስሙን በከንቱ አላገኘም። ጣልያን ሲወረን ብዙ መንግሥታት ነገሩን ተቀብለው አለፉ። ሜክሲኮ አልተቀበለችም፤ በመንግሥታት ማኅበር ፊትም ተቃወመች። ሜክሲኮ ሲቲ ብትሄዱ ደግሞ በሜትሮው መስመር 3 ላይ «ኢትዮጵያ» የሚባል ጣቢያ አለ። ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። እዚያ የሚወርድ ሰው ስንቱ ስለ እኛ እንደሚያስብ እንጃ፣ እኛም እዚህ ስንወርድ ስለ እነሱ አናስብም።

የጓዳችን ዝምድና ግን ከአደባባዩ ይበልጣል። ኮሎምበስ አትላንቲክን ከተሻገረበት ከ1492 በፊት፣ ከሁለቱ አሜሪካዎች ውጭ በርበሬ የቀመሰ ሰው አልነበረም። እኛ ወጥ የምንሠራበት የበርበሬ ዝርያ መጀመሪያ ከዱር ወጥቶ እርሻ የገባው ሜክሲኮ ውስጥ ነው። በቆሎም የእነሱ ነው። ቲማቲም የሚለው ስም ሥሩ «ቶማትል» ነው፣ የአዝቴኮች ቋንቋ የናዋትል ቃል። አቮካዶም ከዚያው ቋንቋ ነው የመጣው። ስለዚህ ቁሌቱን ስንጀምር ሳናውቀው ግማሽ ሜክሲኮን ድስት ውስጥ እንጨምራለን።

አሁን ወደ ውርደቴ ልሂድ።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የባሕር ምግብ የሚሠራ የሜክሲኮዎች ወጥ ቤት ስቀጠር ልቤ ተነፍቶ ነበር። «እኔ የበርበሬ አገር ልጅ ነኝ፣ ስለ ቺሌ ማን ያስተምረኛል?» ብዬ። ቺሌ የሚሉት በርበሬውን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትልቅ ከረጢት ጓሂዮ ሰጡኝ። ጓሂዮ ረጅም፣ ቆዳው የሚያብረቀርቅ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ደረቅ ቺሌ ነው። «ምጣድ ላይ አሙቀው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቡና የምቆላ መሰለኝ። ጠቆር እስኪል፣ እስኪጨስ ቆላሁት። ቤቱ ሁሉ አነጠሰ። ፈጭቼ ሶሱን ሠራሁ፣ አራት ሊትር ያህል። ቀለሙ ያምራል። ስትቀምሱት እሬት ነው።

ወጥ ቤቱን የምትመራው በሜክሲኮ የፓስፊክ ጎን ካለው ከጌሬሮ የባሕር ዳርቻ የመጣች ትልቅ ሴት ነበረች። ሁሉም «ሴኞራ» ይሏታል፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። በትንሿ ጣቷ ጫፍ ቀመሰች። ምንም አልተናገረችም። አራቱንም ሊትር የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ደፋችው። ከዚያ አራት ዓይነት ደረቅ ቺሌ አምጥታ ፊቴ ደረደረች። «ሚሆ» አለችኝ፣ ልጄ ማለት ነው፣ «አሽትተህ ታውቃለህ?»

አላሽተትኩም ነበር። በርበሬ ማሽተት ምን ማለት ነው? እኛ ቤት በርበሬ ከተሸተተ ማስነጠስ ነው። ግን አሸተትኩ። ጓሂዮው እንደ ደረቅ ሻይ ቅጠል፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ ፍሬ ይሸታል። አንቾ የሚሉት ጠፍጣፋው፣ ዘቢብ ነው፤ አፍንጫዬን ማመን አቃተኝ። ፓሲያ የተባለው ረጅሙ ጥቁር፣ ካካዎ የመሰለ ነገር አለው። ቺፖትሌ ሃላፔኞ የሚባለው ቺሌ በጭስ ሲደርቅ ነው፣ እሱን ለመለየት ልምድ አያስፈልግም፤ ጭስ ጭስ ይላል።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሜክሲኮ ምግብ የማስበው ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። እኛ በርበሬን በሁለት ነገር እንለካዋለን፤ ስንት ያቃጥላል፣ ምን ያህል ይቀላል። እነሱ የሚለኩት በጠረኑ ነው። ማቃጠሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ በሌላ ሳህን ለብቻው ይቀርባል። በባሕር ምግብ ላይ ይሄ ነገር የባሰ ይታያል። ዓሣ ለስላሳ ነው፣ በአንድ ማንኪያ ስህተት ጣዕሙ ይጠፋል። ሰንጋ ጥብስ ላይ የሚያልፍላችሁ ጥፋት ዓሣ ላይ አያልፍላችሁም።

ሜክሲኮ በአንድ በኩል ፓስፊክ፣ በሌላው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ካሪቢያን አላት። ዓሣው ከዳርቻ ዳርቻ ያን ያህል አይለያይም። ቀይ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ ኦክቶፐስ። ሳህኑ የየት አገር እንደሆነ የሚነግራችሁ ቅመሙ ነው።

ከካሪቢያን ጎን፣ ከማያ ሕዝብ አገር ከዩካታን ልጀምር። እዚያ ዓሣውን የሚያቀላው ቺሌ አይደለም፣ አቺዮቴ ነው። አቺዮቴ የትንሽ ዛፍ ዘር ነው። ጠጉራም ቅርፊቱን ስትከፍቱት ውስጡ ምስር የሚያክሉ ጡብ የመሰሉ ቀይ ዘሮች ታጭቀዋል። ጣታችሁን ካስነካችሁት ቀለሙ በቀላሉ አይለቅም። ሱፐርማርኬት የምታዩት ብርቱካናማ ቺዝ አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙን የሚያገኘው ከዚህ ዘር ነው። ጣዕሙ? አፈር አፈር የሚል፣ ቀዝቃዛ፣ ቅንጣት ታህል ቁንዶ በርበሬን የሚያስታውስ። በጭራሽ አያቃጥልም።

ከአቺዮቴው ጋር ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ቅርንፉድ፣ ከሙን፣ ኦሬጋኖና ጨው ይፈጫል። ድብልቁ «ሬካዶ ሮሆ» ይባላል፣ ቀዩ ቅመም እንደ ማለት። ዘሩ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ በቤት ሙቀጫ ክንድ ያዝላል። እዚያም ያሉ እናቶች ከገበያ የተፈጨውን፣ እንደ ሳሙና በጥፍጥፍ የሚሸጠውን ነው የሚገዙት። እኔ ይሄን እንደ ስንፍና አላየውም። እኛስ ስንቶቻችን በርበሬ ቤት ውስጥ እናስፈጫለን?

ጥፍጥፉ የሚሟሟው በኮምጣጣ ብርቱካን ጭማቂ ነው። ይሄ ብርቱካን ከእስያ በስፔን በኩል የገባ ነው፤ ቅርንፉዱም፣ ቁንዶ በርበሬውም እንዲሁ በመርከብ የመጡ ናቸው። ማያዎቹ ግን አስገብተው የራሳቸው አደረጉት። ኮምጣጣ ብርቱካን ካጣችሁ ሁለት እጅ ተራ ብርቱካን ከአንድ እጅ ሎሚ ጋር ቀላቅሉ። የእኛ ትንሿ ሎሚ ደግሞ ሜክሲኮዎች «ሊሞን» ብለው የሚጨምቋት ናት፣ ቆዳዋ ስስ፣ ሽታዋ ኃይለኛ። ፈረንጅ አገር ያለውን ትልቁን ቢጫ ሎሚ ለዚህ ሥራ አልመክርም።

ከዚህ ቅመም የሚሠራው ታዋቂው የዓሣ ምግብ «ቲኪን ሺክ» ይባላል፤ ኢስላ ሙሄሬስ የምትባለው ደሴት በእሱ ትታወቃለች። ዓሣው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል። ጨው፣ ከዚያ ሬካዶው ይቀባል። አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ካሳደራችሁት ኮምጣጣው ሥጋውን ያላሽቀዋል። የሙዝ ቅጠል እሳት ላይ ፈጠን ብሎ ይለበለባል። ከደበዘዘ አረንጓዴ ወደሚያብረቀርቅ ሲለወጥ ታዩታላችሁ፣ ያኔ ሳይቀደድ ይታጠፋል። ድፎ በኮባ የጋገረ ሰው እዚህ ላይ አስተማሪ አያስፈልገውም። ዓሣው ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ይደረደርበትና ተጠቅልሎ ፍም ላይ ይቀመጣል። ቅጠሉ ከውጭ ሲያር ዓሣው ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ስትከፍቱት የሚወጣው ሽታ... አሁን አልናገርም፣ ገና ምሳ አልበላንም።

ሚጥሚጣ ለምዳችሁ «ይሄማ አልቃጠለኝም» የምትሉ ከሆነ፣ አባኔሮ የሚባለው ኃይለኛ ቺሌ ጎን ላይ አለላችሁ። በኮምጣጣ ብርቱካን የተያዘ ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ተከትፎ ይቀርባል። በልክ አንሱ። ያገሬን ስም ላስጠራ ብዬ አንድ ሙሉ ማንኪያ የጎረስኩ ቀን እንባዬን ያበስኩት በቶርቲያ፣ በእነሱ የበቆሎ ቂጣ ነው።

ኦሬጋኖ ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ላስገባ። ሜክሲኮዎች ኦሬጋኖ የሚሉት ጣልያኖች ፒዛ ላይ የሚነሰንሱት አይደለም። ሌላ ተክል ነው፣ በሳይንስ ስሙ ሊፒያ ከሚባለው ወገን። እና እኛ ቅቤ የምናነጥርበት ኮሰረት? እሱም ሊፒያ ነው። የአጎት ልጆች ናቸው። ሽታቸው አንድ ነው አልልም፣ ኮሰረት ወደ ካምፎር ያደላል። ግን የሜክሲኮ ኦሬጋኖ ሳጣ፣ የጣልያኑን ከመግዛት ቆንጠር አድርጌ ኮሰረት እጨምራለሁ። እስካሁን የተቆጣኝ ሜክሲኳዊ የለም።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ስንዞር ቬራክሩስ አለ። ኮርቴስ በ1519 የወረደበት ዳርቻ ነው፤ ስፔን መጀመሪያ የገባችበት በር ስለሆነ ምግቡም ይሄንን ይናገራል። «ዋቺናንጎ አላ ቬራክሩሳና» ቀይ ዓሣ ነው፣ በቲማቲም፣ በወይራ ፍሬ፣ ኬፐር በሚሉት በጨው በተያዘ የአበባ እምቡጥ፣ በቤይ ሊፍና በአቼቶ በተያዘ ቺሌ የሚሠራ። የሜዲትራንያን ጓዳ ከሃላፔኞ ጋር ሲጋባ በሉት። ሃላፔኞ ራሱ ስሙን ያገኘው ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከሃላፓ ነው። ሶሱ ብቻውን በደንብ ይበስላል፣ ዓሣው መጨረሻ ላይ ይገባል። ብዙ ሬስቶራንቶች የወይራ ፍሬውን ስለሚያበዙት ጨው ጨው ብቻ ይላል። እኔ ለአንድ ሰው ከአራት ፍሬ በላይ አልጨምርም።

እዚያው ቬራክሩስ ውስጥ «ኦሃ ሳንታ» የሚባል ሰፊ ቅጠል አለ። እንስላል እንስላል ይሸታል። ዓሣ በሱ ጠቅልሎ በእንፋሎት ማብሰል የተለመደ ነው። ሌላ ቅመም ብዙም አይፈልግም። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ካምፔቼ ላይ ደግሞ «ፓን ዴ ካሶን» አለ፤ የተፈተፈተ የትንሽ ሻርክ ሥጋና ጥቁር ባቄላ በቶርቲያ መሀል ተነባብሮ፣ የቲማቲም ሶስ ይፈስበታል። ሻርክ መሆኑን ሳልሰማ ነው የበላሁት። ስሰማም አላቆምኩም።

አሁን ወደ ፓስፊክ። ሲናሎአ የሽሪምፕ አገር ናት። «አጓቺሌ» ስሙ እንዳለ ሲተረጎም የቺሌ ውሃ ነው። ሲናሎአዎች ሲያወሩት፣ ድሮ በደጋው በኩል ቋንጣ በፈላ የቺሌ ውሃ እያራሱ ይበሉ ነበር። ባሕሩ ዳር ሲደርስ ቋንጣው ሽሪምፕ ሆነ፣ የፈላው ውሃ ሎሚ ሆነ። ጥሬ ሽሪምፕ ይላጣል፣ በጀርባው ይሰነጠቃል፣ ጨው ይነካል። ሎሚና ቺልቴፒን ይወቀጥና ይፈስበታል። ኪያርና ስስ ቀይ ሽንኩርት። ወዲያው ይበላል። ሴቪቼ የሚሉት ሌላው በሎሚ የሚሠራ ጥሬ ዓሣ ሎሚ ውስጥ ይቆያል፣ አጓቺሌ አይጠብቅም። ሰዓት ካያችሁ ዘግይታችኋል።

ቺልቴፒን ክብ፣ የቁንዶ በርበሬ ፍሬ የምታክል የዱር ቺሌ ናት። ከቁጥቋጦ ላይ በእጅ ትለቀማለች። ቶሎ ታቃጥላለች፣ ቶሎ ትለቃለች። የእርሻ በርበሬዎቹ የዱር ዘመድ ስለሆነች ብዙዎች የቺሌ ሁሉ እናት ይሏታል። የእኛም የማረቆ ዛላ እንግዲህ በዚያ መስመር የልጅ ልጇ ናት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ቁም ነገር ነውና። ሎሚ ዓሣን ነጭ ያደርገዋል፣ ያጠነክረዋል፤ አያበስለውም። ጀርሙን ሁሉ አይገድልም፣ ጥገኛ ትላትልንም እንዲሁ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉ እንዳሉ አውቃለሁ፣ ጣዕሙንም አልክድም። ግን የሐይቅ ዓሣ ጥሬውን አጓቺሌ ሠርቼ እንግዳ ፊት አላቀርብም። ካማራችሁ ሽሪምፑን ለአንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አውጡና በበረዶ ውሃ አቀዝቅዙት፣ ከዚያ ሎሚውን አፍስሱ። ሲናሎአዎች ይስቁባችኋል። ይሳቁ።

አንድ ሰው ከኋላ «ይሄ ሁሉ ዓሣ የሚበላው መቼ ነው?» ብሎ ጠይቋል። ሁልጊዜ ነው፣ በተለይ ግን በሁዳዴያቸው። ካቶሊኮች ስለሆኑ በዓቢይ ጾም አርብ አርብ ሥጋ አይበሉም፣ ዓሣ ግን ይፈቀዳል። ያኔ ሜክሲኮ ሲቲ ኢስታፓላፓ ያለው ላ ቪጋ የተባለው ትልቁ የዓሣ ገበያ መላወሻ የለውም። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,240 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ እንደ አዲስ አበባ ደጋ ናት። ደገኛ ሆነው ነው የባሕር ምግብ እንዲህ የሚወዱት። በጾም የደረቀ ሽሪምፕ ተፈጭቶ ከእንቁላል ጋር እንደ ቂጣ ይጠበስና ሞሌ የሚባለው ወፍራም የቺሌ ሶስ ውስጥ ይገባል። እንቁላል ስል ፊታችሁ እንደተለወጠ አይቻለሁ፣ ጾማቸው የእነሱ ነው። ዓሣ በእኛ ጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ለአባቶች እተወዋለሁ።

ሰዓቱ ደርሷል፣ ሳህኑን ላንሳ። አዎ፣ ዛላዎቹ ቀድመውኛል። እዩት፣ ቆዳው እንደ ቆዳ ጓንት ተለሳልሷል።

የምንሠራው የሴኞራን አገር ምግብ ነው፣ የጌሬሮን። ከአካፑልኮ ወጣ ብላ ባራ ቪዬሃ የምትባል መንደር አለች፤ «ፔስካዶ አላ ታያ» የሚባለው ምግብ መታወቂያዋ ነው። ዓሣ ተሰንጥቆ ተዘርግቶ፣ የቺሌ ቅባት ተቀብቶ፣ ፍም ላይ። ከዚያው ዳርቻ ወደ ሰሜን ስትወጡ በናያሪት «ሳራንዴያዶ» የሚሉት ዘመዱ አለ፣ ሜስካልቲታን የምትባለው ደሴት የምትኮራበት። እነሱ በማንግሮቭ እንጨት ጭስ ነው የሚጠብሱት። እኛ የሐበሻ ከሰል አለን።

ለምን ዛላ፣ ለምን ከዕቃ ውስጥ የተዘጋጀውን በርበሬ አልወሰድኩም? የእኛ ድልህም ሆነ የተፈጨው በርበሬ ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ነጭ ሽንኩርት ገብቶበታል። ጎበዝ ቅመም ነው፣ ግን ዓሣውን ዶሮ ወጥ ያደርገዋል። ባዶው ዛላ ግን ፍሬውና ጅማቱ ሲወጣለት ወደ ጓሂዮ ይጠጋል። ትንሽ ይበልጥ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ጓሂዮ አሥራ ሁለት በምጨምርበት ስምንት ዛላ ይበቃኛል። አቺዮቴን ግን በምንም አልተካውም። እርድ ቀለም ይሰጣል፣ ጣዕሙን አይሰጥም። አቺዮቴ የሌለው ሰው ሌላ ምግብ ይሥራ።

ዛላዎቹ ብሌንደር ውስጥ ገቡ። የነከርኩበትን ውሃ ቀመስኩት፤ መረር ይላል፣ ይደፋል። ምጣድ ላይ ከነልጣጩ የጠቆረ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ተልጦ። የተጠበሰ ግማሽ ቀይ ሽንኩርት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን። ቆንጠር ኮሰረት። ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። ጨው። ግማሽ ስኒ ንጹሕ ውሃ። ፈጭተን በወንፊት እናጠለዋለን፣ ቆዳው ጥርስ ውስጥ እንዳይገባ። አሁን ትንሽ ዘይት ላይ እናቁላላው። አዎ፣ እነሱም ያቁላሉ። ጥሬው ሽታ እስኪጠፋ፣ ቀለሙ እስኪጠቁር፣ ዘይቱ ዳር ዳሩን እስኪለይ፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ። ሲቀዘቅዝ ሁለት ማንኪያ ማዮኔዝ። አትሳቁ፣ ባሕር ዳር ያሉት ራሳቸው ይጨምራሉ። ዓሣው እንዳይደርቅ ይይዘዋል።

ዓሣው ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ናይል ፐርች ነው። ሥጋው ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከቆሮሶ ይሻላል። ቆሮሶ ካላችሁም ይሆናል፣ ጊዜውን በግማሽ ቀንሱ። ከሰሉ ደጅ ተያይዞ አመድ ለብሷል። መጀመሪያ የሥጋው ወገን ሳይቀባ ሦስት ደቂቃ ፍሙን ያያል፣ እንዲይዝ። ከዚያ ይገለበጥና ቅባቱ በብዛት ይለቀለቃል፣ በቆዳው በኩል ቀስ ብሎ ይበስላል። ዳግመኛ አይገለበጥም፣ ቅባቱ ፍም ላይ ከወደቀ የኔን አራት ሊትር ነው የምትበሉት።

አንድ ሰው ሎሚ ይቁረጥልኝ፣ አንዱ ደግሞ ከሰሉን ያራግብ። ሌሎቻችሁ እጃችሁን ታጠቡና ደጅ እንገናኝ።